የቦይለር ቴርሞስታት ከመግዛታችሁ በፊት ሪዚስታንሱን ለኩ

ጅማ ላይ ክፍል የሚያሞቅ ወይም የሚያቀዘቅዝ ማሽን ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ አየሩም ያን ያህል አይጠይቅም። እኛ ቤት ቴርሞስታት (ሙቀቱ ልክ ሲደርስ ኃይሉን የሚያቋርጠው ዕቃ) ያለው ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቦይለር ውስጥ ነው። ሲበላሽ ሁለት ነገር ይታያል፤ ወይ ውሃው ጭራሽ አይሞቅም፣ ወይ ማቆሚያ አጥቶ ይፈላል። ሁለተኛው የከፋ ነው። የቴርሞስታቱ ኮንታክቶች (መስመሩን የሚያገናኙት ብረቶች) ተጣብቀው ስለቀሩ ኃይሉ አይቋረጥም። ከቧንቧው እንፋሎት ሲወጣ ካያችሁ ሌላ ነገር ሳትነኩ ብሬከሩን አውርዱ።

ቴርሞስታቱ ላይ ሙቀቱን ከምታስተካክሉበት ማዞሪያ ሌላ ትንሽ የመከላከያ ቁልፍ አለች። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህች ቁልፍ ትወጣና መስመሩን ትቆርጣለች፤ በእጅ ካልተጫኗት አትመለስም። አንዴ ተጭናችሁ ከሠራ ይሁን። በሳምንቱ ደግማ ከቆረጠች ግን ምክንያት አላት፤ ሪዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ነጭ የድንጋይ ቅርፊት ይዟል፣ የሽቦ ማሰሪያ ላልቷል፣ ወይም ታንከሩ ሳይሞላ ኃይል አግኝቷል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚገባ አዲስ ቴርሞስታት እንደ አሮጌው ይቃጠላል። በየቀኑ ቁልፏን እየተጫኑ መታጠብማ ፈጽሞ አይደረግ።

አወላለቁ ከባድ አይደለም። ብሬከሩን ከቆጣሪው ጎን ካለው ሳጥን አውርዱ። የግድግዳው ማብሪያ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ቤት ማብሪያው በስህተት ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ላይ ስለሚታሰር ጠፍቶም ፌዙ (ኃይል ያለበት ሽቦ) ቦይለሩ ድረስ ይደርሳል። የታችኛውን ክዳን ከፍታችሁ በመልቲሜትር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ፌዝና ኒውትራልን፣ ከዚያ ፌዝና ኧርዝን (የመሬቱን ሽቦ) ለኩ። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ሽቦዎቹን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ንቀሉ። ዘንግ ያለው ቴርሞስታት ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይሳባል። ለዚህ ውሃውን መድፋት አያስፈልግም፤ ዘንጉ የሚገባው ደረቅ ቱቦ ውስጥ ነው። ዘንጉ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ግን ቱቦው ተበስቷል ማለት ነው፤ ያኔ ውሃው ተደፍቶ ሪዚስታንሱ ራሱ ከነጎማው ይቀየራል።

አሁን ሪዚስታንሱን ለኩ። 1,500 ዋት በ220 ቮልት የሚሠራ ከሆነ 32 ኦም ገደማ፣ 1,200 ዋት ከሆነ 40 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት። ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል፤ ቴርሞስታቱ ላይ አታሳቡ። ቀጥሎ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ሪዚስታንሱ ላይ፣ ሌላውን የቦይለሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ በትልቁ የኦም መለኪያ እዩ። ቁጥር ከታየ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ያልፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቦይለር ማንም አይታጠብበት።

ገበያ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በፎቶ መግዛት አያዋጣም። የዘንጉን ርዝመት በማስመሪያ ለኩ። ከቱቦው ከረዘመ አይገባም፤ በጣም ካጠረ ደግሞ የታችኛውን ውሃ ብቻ ያነባል። ላዩ ላይ 250 ቮልት 16 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይሁን። የመከላከያ ቁልፍ የሌለው ርካሽ ዓይነት ቢሰጧችሁ መልሱት። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበቱ ማሰሪያዎቹን ስለሚያዝግ፣ አረንጓዴ የያዘ የመዳብ ጫፍ ካያችሁ ቆርጣችሁ አዲስ ጫፍ አውጡ። ላልቶ ወይም ዝጎ የታሰረ ሽቦ ይግላል፣ ፕላስቲኩንም ያቀልጠዋል።

ከመግጠማችሁ በፊት በፔርሙዝ ፈትኑት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሦስት ኩባያ የፈላ ከአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ጋር ስትቀላቅሉ 70 ዲግሪ ያልፋል። ማዞሪያውን ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ ዘንጉን ብቻ አስገቡ፤ የሽቦ ማሰሪያዎቹ ውሃ አይንካቸው። መልቲሜትሩ በመጀመሪያ መስመሩ መገናኘቱን ያሳያል፤ ጥቂት ቆይቶ ጠቅ ይልና ይለያያል። አውጥታችሁ ስታቀዘቅዙት መልሶ መገናኘት አለበት። ጠቅ ካላለ ወደ ሱቁ መልሱት።

ስትገጥሙ ሽቦዎቹን እንደ ፎቶው አስገቡ፤ ኧርዙን አትርሱ። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው ባለሙያ ጠርታችሁ አስገቡ። ክዳኑን ከገጠማችሁ በኋላ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ አየር ሳይተፋ ያለማቋረጥ እስኪፈስ ጠብቁ፤ ከዚያ ብቻ ብሬከሩን አንሡ። ባዶ ቦይለር ላይ ኃይል መልቀቅ ሪዚስታንስ በደቂቃዎች ያቃጥላል። ውሃ በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ወደ ቦይለሩ የሚገባው መስመር ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ መስመሩ ሲደርቅ ታንከሩም አብሮ ሊጎድል ይችላል።

ማዞሪያውን 60 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ከፍ ካለ ልጅ ያቃጥላል፣ ቅርፊቱም ይፈጥናል። በ60 ዲግሪም ቢሆን ከቀዝቃዛ ጋር ሳይቀላቀል ልጅ አይታጠብበት። 50 ሊትር ቦይለር በ1,500 ዋት ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ማታ ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ ግን ኃይሉ ወደ 1,000 ዋት ያሽቆለቁላል፤ ውሃው ዘገየ ብላችሁ አዲሱን ቴርሞስታት አትውቀሱ። በዚህ መሀል የደህንነት ቫልቩ ጠብ ጠብ ቢል አትደንግጡ፤ 50 ሊትር ውሃ እስከዚያ ሲሞቅ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ይጨምራል። ጠብታው ስላስቸገረ ቫልቩን በቡሽ ወይም በሌላ ነገር የደፈነ ሰው ካለ ዛሬውኑ ያውጣው፤ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ወደ ፍሳሹ መምራት ይችላል።