ከቤት ለሚሰሩ ሰራተኞች መመሪያ እንዴት እንዳወጣን

የምሰራው ሰው ሃብት ክፍል ነው፤ መመሪያውን የማርቀቅ ስራም እኔ ላይ ወደቀ። እስከዚያ ድረስ ከቤት መስራት የአለቃ ፈቃድ ጉዳይ ነበር። አንዱ ክፍል የሳምንቱን ግማሽ ቤቱ ይሰራል። ጎኑ ያለው ክፍል ለአንድ ቀን ደጅ ይጠናል። ኩርፊያው እዚህ ላይ ነው የጀመረው።

ኢንተርኔት ላይ ናሙና ሞልቷል፤ ግን አብዛኛው ክልከላ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዎቹን አነጋገርኩ። አለቆች «ሰዉ የት እንዳለ አላውቅም» አሉ። ሰራተኞች «ከምሽቱ 3 ሰዓት መልእክት ይመጣል» አሉ። ሁለት ቅሬታ ይመስላል እንጂ ስሩ አንድ ነው፦ ማን መቼ እንደሚገኝ የተጻፈ ነገር የለም።

ብዙ ያከራከረን ታዲያ የስራ ሰዓት አንቀጽ ነው። አንድ ኃላፊ «ሰራተኛው ለመልእክት ወዲያው ይመልሳል» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አንዷ የሂሳብ ሰራተኛ «ሂሳብ ስዘጋ ስልኬን አላይም፤ ከስራ ቀርታለች ልባል ነው?» አለች። እውነቷን ነው። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ከምሳ ሰዓት በስተቀር ሁሉም ይገኛል። ቀሪውን ሰዓት እያንዳንዱ እንደ ስራው ያመቻቻል። መልእክት በዚያው የስራ ቀን ይመለሳል፤ አስቸኳይ ከሆነ ይደወላል። ከስራ ሰዓት ውጭ የመጣ እስከ ማግስቱ ይቆያል።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አለቆችን አላስደሰተችም። ፈረንሳይ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሰራተኛ ያላቸው ድርጅቶች በዚህ ጉዳይ እንዲደራደሩ በሕግ እንደምታስገድድ ነገርኳቸው። ፖርቱጋልም በ2021 ቀጣሪ ሰራተኛውን በእረፍት ሰዓቱ እንዳያስቸግር ደንግጋለች። ማጉረምረሙ ባይቀርም አንቀጹ አለፈ።

ስክሪን ፎቶ የሚያነሳና የማውስ እንቅስቃሴ የሚከታተል ሶፍትዌር ይጫን የሚልም ነበር። አልተቀበልኩትም። ማውስ መንቀሳቀሱን ቢያሳይ ነው፤ ማውስ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ደግሞ ገበያ ላይ አለ። በምትኩ ሰኞ ሰኞ እያንዳንዱ እስከ ዓርብ የሚያስረክበውን ይጽፋል።

የደህንነቱ ጉዳይ ብዙም አላከራከረም። የቢሮ ላፕቶፕ፣ ቪፒኤን (ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ)፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ)። ላፕቶፕ ቢጠፋ በዚያው ቀን ማሳወቅ። ከሌላ አገር ሆኖ መስራት ግን በቅድሚያ ፈቃድ ብቻ ነው፤ የግብር እና የማኅበራዊ ዋስትና ጣጣ ያመጣል።

ከባዱ ጥያቄ የመጣው ከመጋዘን ሰራተኞች ነው። «እኛስ?» አሉ። ዕቃ ከቤት ሆኖ አይቆጠርም። መመዘኛው የስራው ዓይነት እንጂ ሰውየው አይደለም ብለን ጻፍን፤ ይህ ግን ለእነሱ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ፈረቃቸውን እርስ በርስ እንዲቀያየሩ የሚፈቅድ አንቀጽ ተጨመረ። ለእኔ ከሰነዱ ሁሉ የተሻለው ይሄ ነው።

መመሪያውን ለሙከራ ጊዜ ብቻ ነው ያጸደቅነው። ስንከልሰው መጀመሪያ የተነካው የአዲስ ተቀጣሪዎች ጉዳይ ነው። የመጀመሪያውን ወር ቢሮ ይመጣሉ ይል ነበር። እነሱ መጡ፤ የሚጠይቁት ሰው ግን ቤቱ ነው ያለው። አሁን አዲስ ተቀጣሪ በሚመጣበት ቀን የሚያለማምደውም ሰው ቢሮ ይገኛል።