ከሞንታርቦው በፊት እድር

በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን አጥቢያ ተከላ ላይ፣ ማለትም አዲስ ጉባኤ በማቋቋም ሥራ ላይ፣ ስሠራ ካየሁት ሁሉ የዓባይ ማዶው ነገር ከልቤ አይወጣም።

ባሕር ዳር ወደዚያ እየሰፋች ነው። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ መሻገሩ ቀሏል። እኛም አንድ ወጣት ወንጌላዊ ከነቤተሰቡ መደብን። በጀቱ የተለመደው ነው፦ የአዳራሽ ኪራይ፣ ኪቦርድ፣ ሞንታርቦ፣ የፕላስቲክ ወንበር።

ልጁ አዳራሽ አልተከራየም። እድር ገባ።

ግምገማ ላይ ሪፖርቱ ሲነበብ «ጌታን የተቀበሉ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ በእስክሪብቶ «የሰፈሩ እድር አባል ሆኛለሁ» ብሎ ጽፏል። አንዱ አስተባባሪ ተቆጣ። «ለቅሶ ድረስ ብለን ነው እንዴ የላክንህ?»

«ወንድሜ፣ እዚያ ሰፈር ጴንጤ ማለት ለቅሶ የማይደርስ ሰው ነው። መጀመሪያ ይሄ ይጥፋ» አለ።

እውነቱን ነው። መቀበሪያችን ለየብቻ ነው፤ በብዙ ቦታ እድራችንንም ለይተናል። ከዚያ ጎረቤት አይሰማንም ብለን ሞንታርቦ እንጨምራለን። ጣና ላይ በብዙ ደሴቶች ገዳም አለ። ይህ ሕዝብ የክርስቶስን ስም ከእኛ አልሰማም፤ ያንን ረስቶ የሚሄድ ሰው ገና በር ላይ ነው የሚመለሰው።

ክረምት ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አብራው የምትኖር እናቱ አረፈች። ጎሕ ሲቀድ ጥሩንባ ተነፋ። ዝናብ ነው። ሰዎቹ ድንኳኑን ተክለው ጭቃው ላይ ገለባ ጎዘጎዙ። ሴቶቹ ንፍሮና የጾም ወጥ ይዘው መጡ። የእድሩ ዳኛ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እኛ መቀበሪያ ድረስ ተከተሉ፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም። ማታ ድንኳን ውስጥ «እስቲ በናንተ ደንብ አንብብልን» አሉት። ዮሐንስ 11ን፣ የአልዓዛርን ታሪክ አነበበላቸው። ትንፍሽ ያለ የለም።

አሁን ረቡዕ ማታ ሳሎኑ ይሞላል። እሑድ አስቀድሰው ረቡዕ እሱ ጋ የሚመጡም አሉ። «ምረጡ» አላላቸውም፤ ደግ አደረገ።

ሳሎን ውስጥ የሚሰበሰብ ጉባኤ መናቅ የለበትም። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ምእመኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ተሰበሰበ። ደርግ ሲወድቅ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ አድጎ ወጣ። አዳራሽ አልነበረውም።

ያ አስተባባሪ ዛሬም «በዚህ አካሄድ አንድ አጥቢያ ለመትከል ስንት ዓመት ሊፈጅ ነው?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደሞዝ የሚከፈለው ከምእመናን አሥራት ነውና። እኔ ግን የሞንታርቦው በጀት ለእድሩ አዲስ ድንኳን መግዣ ይሁን ብዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሽማግሌዎቹ ገና አልፈረሙም።