እናቴን ከሆስፒታል ወደ ቤት ካስገባን ወዲህ
እናቴ በ74 ዓመቷ ግቢያችን ውስጥ አዳልጧት ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገብቶላት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ወዳለው ቤታችን ከተመለሰች ዛሬ 26ኛ ቀኗ ነው። እንደኔ ወላጅ ለምታስታምሙ ሁሉ እስካሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ባለሙያዎቹ አጥብቀው የነገሩን ዳሌዋ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍና እግሯን አነባብራ እንዳትቀመጥ ነበር፤ አለዚያ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። ትእዛዙ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቤት ስንገባ ግን የምንቀመጥበት ሁሉ ዝቅ ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ የቡናው በርጩማ፣ የሳሎኑ መከዳ፣ አልጋው፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ቤት። ስለ መጸዳጃው ማንም አልነገረንም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እናቴ ተኝታ መሽናቱን አፍራ፣ በዚያ ሙቀት ውሃ መጠጣት አቆመች።

በማግስቱ ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ ማጠፊያ በሜትር ለካሁ፤ 44 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ስትቀመጥ ጉልበቷ ከዳሌዋ ዝቅ እንዲል መቀመጫዋ ሁሉ ከዚህ ከፍ ማለት ነበረበት። አናጺ ጠርተን በአልጋው እግሮች ሥር ጣውላ አስገባን፤ ክንድ ማሳረፊያ ያለውን የእንጨት ወንበርም መሐሉን አስቀድደን ለመጸዳጃ አደረግነው። የፕላስቲኩ ወንበር ስትነሣ ስለሚንሸራተት አልወደድኩትም።

በአረማመድ ባለአራት እግሩ መደገፊያ ይቀድማል፣ የታከመው እግር ይከተላል፣ ጤነኛው በመጨረሻ ይመጣል። ደረጃ ሲወጣ ግን ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወረድ የታከመው። የምንለማመደው ፀሐይ ሳትበረታ ጠዋት ነው። ባቷ እንዳያብጥ በየቀኑ አያለሁ፤ የባት እብጠትና ሕመም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለነገ የሚባል አይደለም።

እሷን ከሕመሙ ይልቅ የጎዳት ቡናው ነው። ጎረቤቶቻችን በርጩማ ላይ ከበው ሲጫወቱ እሷ ከፍ ብላ ለብቻዋ ተቀምጣ «በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ» ብላ አለቀሰች። በሦስተኛው ሳምንት ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት፣ ጎረቤቶቹንም ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ጀበናውን ከከሰሉ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ የቀዳችው ግን እሷ ናት፣ ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ትናንት የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ገፍታ፣ እኔን ሳትይዝ ተነሣች። በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ግቢው በር እንሞክራለን።