የዋዘኞች ወንበር

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን ምስክርነት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ምስክርነት ሲባል የታመመ ሲድን፣ የጠፋ ሲገኝ፣ የተዘጋ በር ሲከፈት መስማት ለምደናል። እኔ ግን መልስልኝ ብዬ የለመንኩት ነገር እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። ሆኖም ጸሎቴ ተሰምቷል እላለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ታግሣችሁ አንብቡት።

ሙያዬ ፎቶ አጣቢነት ነበር። ፎቶ አንሺ አላልኩም፤ አንሺውን ሁሉም ያውቀዋል፣ አጣቢውን ግን ማንም አያየውም። 19 ዓመት በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት ሠርቻለሁ። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት በብር ጨው የተቀባ ነው፤ ቀዩን ብርሃን ስለማይሰማው ብቻ ነው በዚያ መብራት መሥራት የሚቻለው። በኔጋቲቩ (ፎቶው መጀመሪያ በተነሣበት ፊልም) ያለፈው ብርሃን ጥቂት ሰከንድ ካረፈበት በኋላም ወረቀቱ ባዶ ነው፤ አንዳች ነገር አይታይበትም። በመጀመሪያው ሳህን ኬሚካል ውስጥ ገብቶ ቀስ እያላችሁ ስታወዛውዙት ግን ጥቁሩ ቀድሞ ይመጣል፦ የዓይን ብሌን፣ ጠጉር፣ የኮት እጥፋት። ከዚያ ጥላው ይከተላል። የፊት ቆዳ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ከጅምሩ እስከ መጨረሻው አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። በ19 ዓመት ውስጥ ያችን ደቂቃ ተኩል አልጠገብኳትም። ብዙዎቹ ጸሎቶቼ እዚያ ሳህን ላይ አጎንብሼ የጸለይኳቸው ናቸው።

ሥራው በአንድ ቀን አልሞተም፤ ሳሳ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ ተበጠሰ። የምሠራበት ቤት ሲዘጋ የፎቶ ማጉያ መሣሪያውንና የሥራ ወንበሬን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት፣ የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ ስቲቨን ሳሰን የሚባል መሐንዲስ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ወደ ሦስት ኪሎ ተኩል ይመዝን ነበር፤ አንድ ፎቶ በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። እኔ ሙያውን ሳልጀምር ገና፣ ሙያዬን የሚገድለው መሣሪያ ተወልዶ አድጎ ነበር ማለት ነው። ይህን ታሪክ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እያሳቅኩ እተርክ ነበር። ሳቁ የራሴው መቃብር ላይ የሚሳቅ ሳቅ ነበር።

ሥራ ማጣት ብቻውን ሰውን እንዲህ አያደርግም። በዚያው ዓመት የእግዚአብሔርን ቃል ያስተማረኝ፣ እንደ አባት የማየው አገልጋይ ወደቀ። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ የተጎዱት ሰዎች በሕይወት አሉ። ደግሞም በዓይኔ የማየውን ነገር ማመን እያቃተኝ መጣ። ኮምፒውተር ያልተወለደ ሰው ፊት ይሠራል፤ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ያሳያል። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን "ፎቶ አይዋሽም" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። (ሐቁን ለመናገር፣ እኛም በጨለማው ክፍል ውስጥ ፊት እናነጣ፣ ሰማይ እናጠቁር ነበር። ያኔ ግን ጥበብ ብለነው ነበር።)

ተስፋ ቆርጬ ነበር ብል አይገልጸውም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ያለቅሳል፤ እኔ አፌዝ ነበር። ማታ ማታ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ በሁሉም ነገር ላይ እዘብት ነበር፦ በዜናው፣ በስብከቱ፣ በሚያገቡት፣ "ጌታ ተናገረኝ" በሚሉት። ያልተታለልኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ፣ የነቃሁትም እኔ ብቻ እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር። መጽሐፈ መክብብን "ሁሉ ከንቱ ነው" እስከሚለው ድረስ ብቻ አንብቤ ዘጋሁት። ጸሎቴም አንድ ብቻ ነበረች፦ "የሄደውን መልስልኝ።" ባለቤቴ መከራከሩን ተወችው። ዝምታዋን እንደ ድል ቆጠርኩት።

አንድ ቀን የ13 ዓመት ልጄ ግጥም ጽፋ አመጣችልኝ። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። እኔም ሳልቀበላት፣ "ምን ያደክምሻል፤ አሁን እኮ ግጥም ማሽን በሦስት ሰከንድ ይጽፈዋል" አልኳት። አላለቀሰችም። ወረቀቱን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አምጥታ አላሳየችኝም፤ እኔም አላስተዋልኩም።

ያስተዋልኩት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ታናሽ ወንድሟ የሣለውን ሥዕል ሲያሳያት ከሌላው ክፍል ሰማኋት፦ "ምን ያደክምሃል፤ ማሽን በሦስት ሰከንድ ይሥለዋል።" ቃሉ የእኔ ነበር። ከቃሉም በኋላ በአፍንጫ የምትወጣው አጭር ሳቅ፣ እርሷም የእኔ ነበረች።

መዝሙረ ዳዊት ሲጀምር "በዋዘኞችም ወንበር ያልተቀመጠ" ይላል፤ ዋዘኛ ማለት ፌዘኛ ነው። በልጅነቴ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ወንበሩ ለልጅ እንደሚወረስ ግን ማንም አልነገረኝም፤ ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁም ይሆናል።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጬ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አነበብኩ፤ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ይበቃኛል ያለበትን። ብዙ ጊዜ የተሰበከ ታሪክ ነው፤ ነፋሱ፣ የምድር መናወጡ፣ እሳቱ፣ ከዚያም ትንሿ የዝምታ ድምፅ። እኔን የያዘኝ ግን ስብከት ላይ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። እግዚአብሔር "በዚህ ምን ታደርጋለህ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቀዋል፤ በቁጥር 9 እና በቁጥር 13። ኤልያስም ሁለት ጊዜ ያንኑ ምሬት ይመልሳል። ቁጥር 10ን እና ቁጥር 14ን አስተያይቼ አነበብኳቸው፤ እንደተቀዳ ያህል አንድ ናቸው። ያ ሁሉ ከታየ፣ ያ ድምፅ ከተሰማ በኋላ እንኳ ሰውዬው አልተለወጠም! ብቻዬን ቀረሁ ማለቱን አልተወም። እግዚአብሔርም አልተከራከረውም። በመጣህበት መንገድ ተመለስ ብሎ ሥራ ሰጠው፤ ሦስት የሚቀቡ ሰዎች። ለበኣል ጉልበታቸውን ያላንበረከኩት 7,000 ሰዎች መኖራቸውንም የነገረው መጨረሻ ላይ ነው፣ በጨረፍታ።

ቀና ብዬ ሳይ የተቀመጥኩት በዚያ ወንበር ላይ ነበር። ጥያቄው ለእኔ ሆነ፦ በዚህ ምን ታደርጋለህ? መልስ አልነበረኝም። "ጌታ ሆይ፣ ሥራዬን ተወው፤ ይህን አፌን ውሰድልኝ፤ በምትኩ የምሠራውን ስጠኝ" ብዬ ጸለይኩ። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ተኛሁ። ኤልያስም እኮ ከዚያ ንግግር በፊት ተኝቶ ነበር፤ መልአኩም ቀስቅሶ እንዲበላ ነው ያደረገው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ አንዲት አሮጊት በሬን አንኳኩ። በድሮ ደንበኛ ጥቆማ ነበር የመጡት። በእጃቸው ሁለት ነገር ይዘዋል። አንደኛው የሟች ልጃቸው ፎቶ ነው፤ ከደበዘዘች ትንሽ ፎቶ ላይ አንድ ወጣት በስልኩ አድሶ ያወጣላቸው። ጥርት ያለ፣ ያማረ ፊት። "አሳምረው ሰጡኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ልጄ፣ እርሱ አይደለም" አሉኝ። ሌላው ፖስታ ውስጥ የተቀመጠ የተጠቀለለ ኔጋቲቭ ነበር።

የድሮው እኔ ቢሆን ስለ ዘመኑ አንድ ስላቅ ጥሎ ይሸኛቸው ነበር። "እናቴ፣ ኬሚካሉም ወረቀቱም ካረጀ ቆይቷል፤ ልሞክር እንጂ ቃል አልገባም" አልኳቸው።

የመታጠቢያ ክፍሉን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩ። ወረቀቱ ዕድሜው አልፎ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ አራቱ ግራጫ ጭጋግ ብቻ ሆነው ወጡ። አምስተኛውን ሳዘጋጅ ልጄ በሩን አንኳኩታ መግባት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ገብታ ከጎኔ ቆመች። ወረቀቱን ሳህኑ ውስጥ አስገባሁት። ብሌኑ መጣ። ጠጉሩ መጣ። ከዚያ እየሳቀ ያለ ወጣት ከውኃው ሥር ቀና ብሎ አየን። ልጄ ትንፋሿን ውጣ ክንዴን ያዘችኝ። አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩና የምለው ጠፋኝ። በ19 ዓመት ውስጥ ሳህን ላይ ሳለቅስ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

"አባዬ፣ ከአሁን በኋላ አይጠፋም?" አለችኝ።

"ገና አልጸናም። አሁን መብራት ብናበራ ይጠቁራል። እዚህኛው ሳህን ውስጥ መቆየት አለበት" አልኳት። ሳትታዘዝ ሰዓት መቁጠር ጀመረች።

እናትየው ፎቶውን ሲቀበሉ ፊቱን በጠቅላላው አላዩም፤ ቀጥታ ወደ አፉ ሄዱ። የላይኛው የፊት ጥርሱ ጫፉ ተሸርፏል። ስልኩ ሲያድሰው ያንን ሽራፊ ሞልቶ፣ ጥርሶቹን አስተካክሎ ነበር። ጣታቸውን እዚያች ሽራፊ ላይ አሳርፈው፣ "ረስቻት ነበር፤ ረስቻት ነበር" ብለው ተቀመጡ። የተቀመጡት በእኔ ወንበር ላይ ነው።

ሙያዬ ተመለሰ እንዳትሉ። ከእርሳቸው በኋላ እንዲህ ያለ ሥራ ይዘው የመጡት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የምተዳደረው በሌላ ሥራ ነው፤ የቆዩ ሰነዶችንና ኔጋቲቮችን በስካነር ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ፤ ኮምፒውተሩን ያስተማረችኝም ልጄ ናት። ስለዚያ አገልጋይም እጸልያለሁ፤ ጣፋጭ ስሜት ኖሮኝ አይደለም፣ አንዳንድ ቀን ስሙን ጠርቼ ዝም እላለሁ። ፌዙም ጨርሶ አልለቀቀኝም። የተፈታሁት ነገር ቢኖር፣ ማንም ሳይጠራኝ እየሄድኩ በዋዘኞች ወንበር ከመቀመጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠች። ለአራት የታጠፈ ነው፤ እጥፋቱ ከመቆየት የተነሣ ሊቀደድ ደርሷል። "አንብበው፤ ግን ምንም አትበል" አለችና በሩ ላይ ቆመች። አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ቤት አይመታም፤ አፌን በላኝ። ዝም አልኩና ከመጀመሪያው ደግሜ አነበብኩት።