ጋሼ ብቻውን አቆመ፣ እኔ በሐኪም
ከታላቅ ወንድሜ ጋር ለዓመታት አብረን ጠጥተናል። ጋሼ ነው የምለው። መጀመሪያ ያስቀመሰኝ እሱ ነው፤ በኋላ ግን ማን ማንን እንደሚጎትት አይታወቅም ነበር።

አንድ ቀን እናታችን ፊት ቆሞ «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልነካውም» አለ። የምሩን ነበር። ደስ ብሎን ቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ደፋን። በነጋታው እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ውሃ ስሰጠው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞት እንኳ ከጥርሱ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። ላብ በላብ ሆኗል። «ጋሼ፣ ቻለው፣ ነገ ይሻልሃል» አልኩት። በሁለተኛው ቀን ማታ እንደሚጥል በሽታ አንዘፈዘፈው። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈ።

እሱ ካለፈ በኋላ እኔ ባሰብኝ። ለማቆም ስወስን ደግሞ ፈራሁ፣ እሱም የሞተው ሲያቆም ነዋ። ያዳነኝም ይሄ ፍርሃት ነው፤ እህቴን ይዤ ሐኪም ጋ ሄድኩ።

ሐኪሟ አስረዳችኝ። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ደግሞ ያንን ለመቋቋም ራሱን እያነቃቃ ይለምዳል፣ ከዚያ መጠጡ በአንዴ ሲቀር የሚይዘው ልጓም የለም። መንቀጥቀጡ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። መቃዠትና ሰው አለመለየት ከመጣ ደግሞ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን አካባቢ። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ ግን ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ቤቱ ተዘግቶበት መሞከር የለበትም። እኛ ይሄንን አናውቅም ነበር። ወኔ ብቻ የሚበቃ መስሎን ነበር።

«በቀን ስንት ትጠጣለህ?» ስትለኝ ግማሹን ነገርኳት። እህቴ ቀበል አድርጋ «እጥፍ ነው» አለች። አፈርኩ፣ ግን የመድኃኒቱ መጠን በዚያ መልስ ላይ የተመሠረተ ነበር። አስተኙኝ። ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት በየቀኑ እየቀነሱ ሰጡኝ፣ ጠጪ ሰው የሚያጥረውን ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ። ወደ ቤት ስመለስ አምሮቱን የሚቀንስ ናልትሬክሶን የሚባል ኪኒን ጨመሩልኝ።

ሰውነቴ ቶሎ ዳነ ማለት ይቻላል። የከበደኝ ማታ ነው። ጋሼ በሬን የሚያንኳኳበት ሰዓት ሲደርስ ሆዴ ይባባል። በዚያ ሰዓት እህቴ እየመጣች ዝም ብለን እንራመድ ነበር፣ ስለ መጠጥ ምክር የሚባል ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በ4ኛው ወር አንድ ማታ ተሸንፌ ጠጣሁ። በማግስቱ ሳልደብቅ ሐኪሟ ጋ ተመለስኩ። አልተቆጣችም፣ የጀመርነውን ቀጠልን።

እናቴ ዛሬም ስስማት አፌን ታሸታለች። ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን ጎንበስ ብዬ እስክትጨርስ እቆይላታለሁ።