የገቢ ቁጥሩ

የምሠራበትን ሳምንታዊ መጽሔት ከሕትመት ያስወጣው ሳንሱር አይደለም፤ የወረቀት ዋጋ ነው። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነብ የነበረው ሰው ወደ ስልኩ ሲገባ እኛም ተከተልነው፤ ድረ ገጽና ቴሌግራም ከፈትን። ጊዜው ደግሞ ደስ ይል ነበር። በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችን ከእገዳ ማንሣቱን ሲያስታውቅ፣ ቢሮ ውስጥ «ከእንግዲህ ማተሚያ ቤት ደጅ መጥናት ቀረ» ተባለ። እውነትም ቀረ።

አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ ደረሰን። በስልክ የተነሣ ፎቶ ነው። ጨረታ ሳይወጣ ግዢ እንዲፈጸም ያዛል። ቴሌግራሙን የያዘው ልጅ ወዲያው ሊለጥፈው ተነሣ።

«ጋሼ፣ ፎቶው ከሌለ ማንም አያምነንም። ኮመንቱን ካሁኑ ልንገርዎት? ‹ማስረጃው የታል?› ነው የሚሉት» አላቸው ዋና አዘጋጃችንን።

ያስቆመችው የገጽ ቅንብር የምትሠራልን ሴት ናት። እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት መዝገብ ቤት ሠርታለች። ፎቶውን አጉልታ ጥጉን አሳየችው።

«ስማ ልጄ፣ ይሄ ዋናው አይደለም፤ ግልባጭ ነው። ግልባጩ የደረሰው ክፍል የገቢ ማኅተም መትቶ ቁጥር ሰጥቶታል። ይሄን ቁጥር የያዘ ወረቀት አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ያለው። እዚያ ስንት ሰው የሚሠራ ይመስልሃል?»

ልጁ «ብለር አደርገዋለሁ» አለ። አልተዋጠላትም። ቲተሩ፣ ማለትም የኃላፊው የስም ማኅተም፣ እንዴት አዘንብሎ እንደተመታ፣ ወረቀቱ የት ጋ እንደታጠፈ፣ ስቴፕለሩ የት እንደበሳው፣ ፋይሉን በየቀኑ የሚያገላብጥ ሰው ያውቀዋል። ሌላም ነገር አለ። ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ የተላከ ምስል የስልኩን ዓይነትና የተነሣበትን ሰዓት ያራግፋል፤ በፋይል መልክ የተላከው ግን እንዳለ ይዞት ያልፋል። የኛው በፋይል ነበር የመጣው።

ፎቶው አይወጣም ተባለ። ይዘቱን በራሳችን ቃል ጻፍነው። መሥሪያ ቤቱ ደወልን፤ ኃላፊው «ስብሰባ ላይ ናቸው»። የዚህ አገር ኃላፊ ጋዜጠኛ ሲደውል ምንጊዜም ስብሰባ ላይ ነው። ለጠፍነው፤ ልጁ እንዳለውም ሆነ። «ፈጠራ»፣ «ማስረጃው የታል?» እያሉ ወረዱብን።

በማግስቱ ሌላ ገጽ ያንኑ ፎቶ ከነማኅተሙ ለቀቀው። ሰዉ ተቀባበለው፤ «ጀግኖች» ተባሉ። ትንሽ ቆይቶ የዚያ ክፍል አንዲት ሠራተኛ ራቅ ወዳለ ቅርንጫፍ መዛወሯን ሰማን። ለእኛ የላከልን ሰው ግን እሷ አይደለችም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከዚያ በኋላ ዋና አዘጋጁ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና እንውሰድ ሲሉ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ፊቱ ተለዋወጠ። ወጣቶቹ ግራ ገባቸው። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ሲታሰሩ እነሱ ልጆች ነበሩ። ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን ነበረው፤ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለነው ሁላችን ነን ብለው ነበር ያን ስም የመረጡት። በሽብር ሲከሰሱ፣ ኢሜይልና ፋይል ከሰላይ እንዴት እንደሚጠበቅ መሠልጠናቸው ራሱ እንደ ጥፋት ተቆጠረባቸው። የአምስቱ ክስ በ2007 ክረምት ተቋረጠ፤ ፍርድ ቤት የቀሩትን በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ሆኖም «ሥልጠና» ሲባል የሚሸሽ ጋዜጠኛ ዛሬም አለ። አልፈርድበትም።

ሥልጠናውን ወሰድን፤ ባልደረባችን መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ሳይዝ ሰማ። አሁን ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው የቀድሞዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ከዚያ ዋና አዘጋጁ። ልጁ ግን እስካሁን አልተዋጠለትም። «ፎቶ ከሌለ ተከታይ የለም፣ ተከታይ ከሌለ ማስታወቂያ የለም። ደሞዛችን ከየት ሊመጣ ነው?» ይላል በየስብሰባው። ዋና አዘጋጁ እስካሁን መልስ አልሰጡትም።