አሳማ ለማይበላ ሰው የተገኘ ራመን

ጃፓን ውስጥ የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ራመን፣ ማለትም በትኩስ መረቅ የሚቀርበው ኑድል፣ አማረኝ ካለ ሥራ ይበዛበታል። በደቡብ በኩል፣ በፉኩዎካ፣ መረቁ ራሱ የአሳማ አጥንት ነው፤ ወተት እስኪመስል ድረስ በኃይለኛ እሳት ለሰዓታት ይንተከተካል። ቶኪዮ ውስጥ መረቁ የዶሮ ነው ሲባልም ሳህኑ ሲቀርብ አንድ ሁለት ስስ የአሳማ ሥጋ ላዩ ላይ ተጋድሞ ይመጣል። እሱንስ አታድርጉብኝ ማለት ይቻላል። ችግሩ ከሥር ነው፤ ብዙ ቤቶች መረቁን የሚያጣፍጡበትን ሶያ ሶስ የሚያዘጋጁት ያንኑ ሥጋ በቀቀሉበት ነው። ሥጋው ተነሥቶ ጭማቂው ከቀረ ምን ተነሣ ይባላል?

ለሙስሊሞች ነገሩ ትንሽ ቀሎላቸዋል፤ እንደ አሳኩሳ ባሉ ጎብኚ በሚበዛባቸው ሰፈሮች ሐላል ራመን ቤቶች ተከፍተዋል። እኔ የፈለግሁት ግን ሠራተኛው በምሳ ሰዓት ተሯሩጦ የሚገባበትን፣ የምግብ ዝርዝሩ ለእንግዳ ተብሎ ያልተተረጎመበትን የሰፈር ቤት ነበር።

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ዮትሱጊ ነው። ዮትሱጊ በቶኪዮ ምሥራቃዊ ጎን፣ በካትሱሺካ ወረዳ፣ የአራካዋን ወንዝ ተሻግሮ የሚገኝ ሰፈር ነው። ጃፓን ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን የተሰባሰቡት በዚህ ወረዳ ነው፤ ቤት ኪራዩ ከመሃል ከተማው ይሻላል፣ ትንንሽ ፋብሪካዎችና ወርክሾፖች በየመንደሩ አሉ፣ አንዱ ሲገባ ደግሞ ሌላውን ይጠራል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ጉዳዬን ስነግረው አላስጨረሰኝም።

«አንቺ ዝም ብለሽ ተከተይኝ፤ የራመን ቤቱን ሰውዬ ስለ አጥንቱ ሳይቀር መርምሬዋለሁ» አለኝ።

ራመን ቤቷ የአንድ መኖሪያ ቤት ምድር ቤት ናት። ፎቁ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ በሩ ላይ ደግሞ ግማሽ ድረስ የሚወርድ ሰማያዊ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። መጋረጃው ካለ ክፍት ነው፣ ከገባ ተዘግቷል፤ ሌላ ምልክት አያሻም። ውስጥ ጠረጴዛ የሚባል የለም። አንድ የእንጨት ባንኮኒ፣ ስምንት በርጩማ፣ ከባንኮኒው ወዲያ ባለቤቱና ሚስቱ፣ በቃ። ከበርጩማው ጀርባ ያለው ቦታ ከመጥበቡ የተነሣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሆዱን መሰብሰብ አለበት።

መጀመሪያ የሚያስተናግድህ ማሽን ነው። በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ብር ታስገባለህ፣ የምትፈልገውን ትጫናለህ፣ ትንሽ ትኬት ይሰጥሃል። እኔ የያዝሁትን አዲስ የአንድ ሺህ የን ኖት እንዳስገባሁ መልሶ ተፋው። ጋሼ ሳቀና ከቦርሳው አሮጌውን አወጣልኝ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የገንዘብ ኖቶቿን ስትቀይር ብዙ ትንንሽ ራመን ቤቶች ማሽናቸውን ለመቀየር አቅም አጥሯቸዋል፤ ይህኛውም ከእነርሱ አንዱ ነው። በአሮጌው ኖት ላይ ያለው ሰው ሂዴዮ ኖጉቺ ይባላል፤ ቢጫ ወባን ሊያጠና አፍሪካ ድረስ መጥቶ በዚያው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1928 አክራ ውስጥ የሞተ ሐኪም ነው። ምሳዬን የከፈለልኝ እርሱ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል።

አንድ ሳህን 950 የን ነው። ጃፓኖች «የአንድ ሺህ የን ግንብ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ዱቄቱም፣ ጋዙም፣ ዶሮውም ቢወደድ ደንበኛው ለራመን ከአንድ ሺህ በላይ መክፈል ይከብደዋል። ባለ ስምንት በርጩማ ቤት ከዚህ ዋጋ ምን እንደሚያተርፍ ሳስብ፣ ሰዉ ለምን እንደሚጣደፍም ገባኝ። በርጩማው በፍጥነት ካልተለቀቀ ቤቱ አይቆምም። ወንፊት በያዘው ሰውዬ ፊት ስልክ እየነካካ የሚቀመጥ አላየሁም።

ትኬታችንን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥን። ጋሼ እንዳረጋገጠልኝ መረቁ የዶሮ አጥንትና የዶሮ እግር፣ ኮምቡ የሚባል የባሕር ቅጠል፣ ከዚያ ደግሞ የደረቀ ትንሽ ሰርዲን ነው። ሰርዲኑን ከመቀቀላቸው በፊት ጭንቅላቱንና ሆድ ዕቃውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ ካልተለቀመ መረቁ ይመራል። የባለቤቱ ሚስት እኛ ስንገባ የምትሠራው ይህንኑ ነበር። ጎረምሳ ጣት የማታክል ዓሣ በሁለት ጥፍር ቆንጥራ፣ ሆዱን ሰንጥቃ፣ ጥቁሩን አውጥታ ትጥላለች፤ ከፊቷ ያለው ጎድጓዳ ዕቃ ገና አልጎደለም። ነገ ለሚቀቀል መረቅ ነው።

እርሱ ደግሞ እጁ አያርፍም። ሳህኑን በፈላ ውኃ አሞቀና ደፋው። ከሥር አንድ ጭልፋ ሶያ ሶስ፣ በላዩ አንድ ማንኪያ የዶሮ ስብ አደረገ። በዚህ መካከል ኑድሉ በረጅም ወንፊት ውስጥ እየፈላ ነው። መረቁን ሲያፈስበት ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ትንንሽ ወርቃማ ክብ ሠራ። ከዚያ ወንፊቱን አነሣና ክንዱን ወደ ታች ወርወር፣ ቀጥ አድርጎ አራገፈው፤ ውኃው ወለሉ ላይ ተረጨ። ውኃ ተርፎ ከገባ መረቁ ይቀጥናል፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። ኑድሉን መረቁ ውስጥ ከጨመረ በኋላ በቾፕስቲክ ከፍ አድርጎ አጠፈው፤ እንደ ተጣጠፈ ነጠላ ሸንተረሩ ወደ አንድ በኩል ተኛ። ስስ የዶሮ ፈረሰኛ፣ የቀርከሃ ቡቃያ፣ የተከተፈ ባሮ ሽንኩርት፣ ለሁለት የተከፈለ እንቁላል ደርድሮ በሁለት እጁ አቀረበልኝ።

ባንኮኒው ላይ ከቾፕስቲኩ አጠገብ በአንዲት ኩባያ የጸጉር ማስያዣ ላስቲክ ተቀምጧል። ጸጉር ለለቀቀች ሴት የታሰበ ነው። በትልልቅ ሆቴሎች ብዙ መስተንግዶ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አሳቢነት ግን ትዝ አይለኝም።

መረቁን ስቀምሰው መጀመሪያ የመጣው ዓሣው ነው፤ ዶሮው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከሄደ በኋላም ከንፈር ላይ ይቆያል። ለእኔ አፍ ጨዉ በዝቶበታል፤ እስከ መጨረሻው ልጠጣው አልቻልሁም። ጋሼ ግን ሳህኑን በሁለት እጁ አንሥቶ ጨለጠው። የቀርከሃውንም አልወደድሁትም፤ ምንጣፍ የማኘክ ያህል ነው። እንቁላሉ ግን! ነጩ ሶያ ሶስ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል፤ አስኳሉ ረግቶም አልረጋም። ኑድሉ ቢጫና ለጠጥ የሚል ነው። ያን ያመጣው እንቁላል ሳይሆን ካንሱይ የሚባል፣ ዱቄቱ ሲቦካ የሚገባ የአልካላይን ጨው ነው። ከቻይና አብሮ የመጣ ዘዴ ነው፤ ራመን ራሱ መሠረቱ ቻይና ነውና። እ.ኤ.አ. በ1910 አሳኩሳ ውስጥ የተከፈተው ራይራይከን የተባለ ራመን ቤት ከዮኮሃማ የቻይና ሰፈር ባመጣቸው ምግብ አብሳዮች ይሠራ ነበር። ሞሞፉኩ አንዶ እ.ኤ.አ. በ1958 አድርቆ በፓኬት ባይሸጠው ኖሮ አገር ቤት ልጆች ኢንዶሚ የሚሉት ነገር ባልደረሰን ነበር። ከዚህ ሳህን ጋር ያለው ዝምድና ግን የሩቅ ነው።

በግራዬ የተቀመጠው የቱታ ለባሽ እንደ ነፋስ እየሳበ በላ፤ ገብቶ ሲወጣ ዐሥር ደቂቃ የሞላው አይመስለኝም። እኔ ድምፅ ሳላሰማ ልበላ ብዬ ጉንጬን አቃጠልሁት። አየር አብሮ ካልተሳበ ትኩስ ኑድል አይበላም፤ እስኪበርድ ልጠብቅ ካልህ ደግሞ ይላሽቃል። ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ ከቦታው የማይነሣ ሕዝብ ልጅ ነኝ፤ ከጀርባዬ ቆመው የሚጠብቁትን ሳይ ግን ቶሎ ቶሎ ጎረስሁ።

ልንወጣ ስንል ባለቤቱ ከየት እንደ መጣሁ ጋሼን ጠየቀው። ዕድሜው የገፋ ጃፓናዊ ኢትዮጵያ ሲባል «አበበ!» ይላል፤ ይህኛው አርባ ገደማ ስለሆነ ይመስለኛል፣ «ይርጋጨፌ» ነበር ያለው። ጠዋት ምድጃውን ከለኮሰ በኋላ የሚጠጣው እርሱን እንደሆነና ብዙ ሳይቆላ በጣም ቀላ ያለውን እንደሚመርጥ አስረዳ። በጣም ቀላ ያለ ቡና ለእኔ ጥሬ ነው። አከራክረው ነበር፤ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ስለሆነ ተውሁት።

መሄድ ለሚፈልግ፣ ከአሳኩሳ ወደ ኬይሴይ ኦሺያጌ መሥመር በሚዘልቅ ባቡር ጥቂት ፌርማታ ነው። ቀትር ሳይሞላ መድረስ ይሻላል፤ መረቁ ካለቀ መጋረጃው ይገባል። ሳንቲምና አሮጌ ኖት ያዙ። ረቡዕ ረቡዕ ዝግ ነው፤ ጋሼ ለጾሙ ሲል የመረጠው ይመስል በዚህ እጅግ ይደሰታል። ዓርብን ግን በር በሩን እያየ ማለፍ ግድ ሆኖበታል።